በ«እኛ» ውስጥ ያደገ አእምሮ፦ ለአንዲት ወጣት ሠዓሊ ምክር

ልጄ፣ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላልና ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። መምህርሽ ሥራዎችሽን አይቶ እጅሽ የበሰለ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ ከቤተሰብሽና ካደግሽበት ሰፈር ተላቀሽ «ራስሽን» እስካላገኘሽ ድረስ አዲስ ነገር እንደማይወጣሽ ነግሮሻል። ከዚያ ወዲህ ሸራ ፊት ስትቀመጪ እጅሽ እየተያዘ ተቸግረሻል። ስለ ባህልና ስለ አንጎል የተጻፉትን ማንበብ ስትጀምሪ ደግሞ ፍርሃትሽ ባሰና «አባባ፣ በእኛ ባህል ያደገ ሰው አንጎሉ ለፈጠራ አልተሠራም ማለት ነው?» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

አይደለም። ግን «አይደለም» ብዬ ብተውሽ ምክር አይሆንም፤ ያነበብሽውም ነገር ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ የሚባለው በእኛ ዘንድ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሄዘል ማርከስ የተባለች አሜሪካዊትና ሺኖቡ ኪታያማ የተባለ ጃፓናዊ የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ባህል ሰው ራሱን የሚያይበትን መንገድ እንዴት እንደሚቀርጽ ጻፉ። ዛሬም የዘርፉ መነሻ የሆነው ያ ጽሑፍ የሚጀምረው በሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ነው። አሜሪካኖች ቅባት የሚደርሰው የሚጮኸው ጎማ ነው ይላሉ፤ ጃፓኖች ደግሞ ብቅ ያለ ሚስማር ይመታል ይላሉ። ሊቃውንቱ ከዚህ ተነሥተው አንዱ ሰው ራሱን ከሌላው የተለየና በራሱ የቆመ አድርጎ ሲያይ፣ ሌላው ራሱን ከእናቱ፣ ከወንድሙ፣ ከጎረቤቱ ጋር ባለው ዝምድና ውስጥ ያያል አሉ። «ማነህ?» ቢባል የመጀመሪያው ጠባዩንና ችሎታውን ይዘረዝራል። ሁለተኛው የእገሌ ልጅ፣ የዚህ አገር ሰው ነኝ ይላል። ይህንን እኛ ትምህርት ቤት ሳንገባ እናውቀዋለን፤ በአገራችን ለማይታወቅ ወጣት ከስሙ ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነውና።

ጥያቄው ቆይቶ ወደ አንጎል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በቤጂንግ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ጥናት አለ። ቻይናውያንንና ምዕራባውያንን በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የጠባይ ቃላትን እያሳዩ፣ ይህ ቃል አንተን ይገልጻል? እናትህንስ? እያሉ ጠየቋቸው። ከግንባራችን ጀርባ፣ በአንጎል መሐል መስመር ላይ፣ ሰው ስለ ራሱ ሲያስብ የሚነቃ ክፍል አለ። ይህ ቦታ በምዕራባውያኑ ዘንድ ስለ ራሳቸው ሲያስቡ ነቃ፤ ስለ እናታቸው ሲያስቡ ግን እንዲያ አልሆነም። በቻይናውያኑ ዘንድ ለራስም ለእናትም ነቃ። የተለኩት ቻይናውያን እንጂ እኛ አይደለንም። ሆኖም «እናቴ ትሙት» ብሎ የሚምል ሕዝብ ልጅ ይህን ሲያነብ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። አንቺም ስለ ራስሽ ስታስቢ እናትሽ ከዚያ እንዳለች ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ፈጠራው እንምጣ። ቀኙ አንጎል ፈጣሪ፣ ግራው አስሊ ነው የሚለውን የቆየ ወሬ ተይው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮጀር ቢቲና ባልደረቦቹ 163 ሰዎችን ለተራ ዕቃዎች አዲስ አገልግሎት እንዲፈልጉ እየጠየቁ አንጎላቸውን ተመለከቱ። ሐሳባቸው ይበልጥ አዲስ በሆነው ሰዎች ዘንድ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚያርፍባቸው የአንጎል መረቦች በአንድነት ሲሠሩ ተገኙ። አንደኛው ሰው ሥራ ፈትቶ በሐሳብ ሲዋልል የሚነቃው መረብ ነው። ሁለተኛው ሐሳብን የሚቆጣጠረውና የሚመርጠው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ትኩረት የሚገባው ነገር የትኛው እንደሆነ ይለያል። ካልደፈረሰ አይጠራም ይሉ የነበሩት ሽማግሌዎች ይህን መሣሪያ አላዩም፤ ግን መደፍረሱም መጥራቱም እንደሚያስፈልግ፣ መቅደም ያለበትም መደፍረሱ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

የአንቺን ችግር በቀጥታ የሚነካው ግን ሌላ ጥናት ነው። ቻርልስ ሊምና አለን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን በኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው ጭናቸው ላይ ትንሽ ኪቦርድ አደረጉላቸው። አንድ ጊዜ የተሸመደደ ዜማ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዚያው በቅጽበት የሚፈጠር ዜማ እንዲጫወቱ ነገሯቸው። በቅጽበት ሲፈጥሩ፣ ሰው ራሱን የሚከታተልበትና የሚያርምበት፣ በግንባር ጎን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ዝም አለ። ከራስ ጋር የተያያዘው የመሐሉ ክፍል ግን ነቃ። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ አንድ የአንጎል ክፍልም ብዙ ሥራ ይሠራል። ይህን እያስታወስሽ አንብቢው። ቢሆንም እጅሽን የያዘው ምን እንደሆነ ፍንጭ ይሰጥሻል፤ ተቆጣጣሪው ዝም አላለም። የመምህርሽ ድምፅ ከኋላሽ ቆሟል።

እንግዲህ ይህንንና የቻይናውያኑን ጥናት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የታየኝን ልንገርሽ፤ ይህ የእኔ ሐሳብ እንጂ የተመራማሪዎቹ ቃል አይደለም። ሰው ሲፈጥር ተቆጣጣሪው ዝም ብሎ «ራሱ» የሚናገር ከሆነ፣ በዝምድና ያደገ ሰው «ራስ» ውስጥ እናቱም አለች። ስለዚህ ፈጠራሽ ከቤተሰብሽ ስትለዪ የሚጀምር አይሆንም። ዝም እንዲል የሚያስፈልገው በልጅነትሽ የተዘራብሽ ፍርሃት ነው። የሚወዱሽን ሰዎች ከዚያ ጋር አብረሽ አታባሪያቸው። መምህርሽ የሳተው ይህንን ይመስለኛል፤ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው።

ይህን ፍርሃት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ይሉኝታ ነው፤ ይሁንና ይሉኝታን በጅምላ አልነቅፍም። ይሉኝታ ቢስ መባል ስድብ የሆነው በምክንያት ነው፤ ሰውን ከጎረቤቱ እንባና ከደካማ ገንዘብ የሚያቆመው እሱ ነው። ሸራ ፊት ግን ቦታው አይደለም። ባልተሳለ ሥዕል ላይ «ሰው ምን ይላል?» ብሎ የሚመጣ ሐሳብ ገና ያልተወለደን ልጅ ስም እንደ ማጥፋት ነው።

ይህን ፍርሃት የምናስተምረው ደግሞ እኛው ነን፤ አንዳንዱንም በተረትና ምሳሌ አጅበን። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል እንላለን። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ብለን ደግሞ የምትሞክርን ሴት እናሸማቅቃለን። ምሳሌ የአባት ቅርስ ነው፤ ያም ሆኖ ከቅርሱ መካከል ወደ ልጅ የማይተላለፍ አለ። እነዚህን ሦስቱን ከእኔ አትውረሻቸው። በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባቷ ተምራ መምህርት ሆና፣ ወንዶች ተማሪዎች ከእግሯ ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የእሷ እውቀት በማንም አላለቀም።

ቅኔን ካነሣሁ ጥቂት ልቆይበት፤ ለጥያቄሽ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅምና። የቅኔ ተማሪ ከቤቱ ርቆ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ፣ በደሳሳ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል። ከእሱ የበለጠ የጋራ ኑሮ የሚኖር የለም። መምህሩን ያከብራል፣ የቤቱን ሥርዓት ይጠብቃል፤ ቋንቋው የግዕዝ፣ ልኩም የአባቶች ነው። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ስምንት ቤት መወድስ ሲወጣ አንዲት ቤት እንኳ እንደ ልቡ አይጨምርም። ይህን ሁሉ ማሰሪያ ያየ እንግዳ፣ እዚህ ቤት አዲስ ነገር ከየት ይመጣል ይል ይሆናል። ግን የሚጠየቀው አዲስ ነገር ነው፤ ያውም በየቀኑ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ይዋረዳል። ሰሙንና ወርቁን ማንም ባልገጠመበት መንገድ የገጠመ ይወደሳል፤ የሚያወድሱትም ልኩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸውና ውዳሴው ክብደት አለው።

የሥራውን አካሄድ ደግሞ ልብ በይ። መምህሩ ያሳያል፣ ያብራራል። ከዚያ ተማሪው ወደ ዛፍ ሥር ወይም ወደ ሜዳ ይወጣና ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ይኸውም በልቡ ይፈጥራል። በዚያ ሰዓት ማንም አያናግረውም። የቆጠረውን ይዞ ሲመለስ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረማል፣ ይቃናል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ይጣልበታል። ከዚያም በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ይቀርባል። ሲያገኝ ብቻውን ነው፤ ሲዳኝ ከሌሎች ጋር ነው። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም የተባለው ለፍርድ ነው። ለመፈለግ ግን አንድ ሰው ይበቃል።

ማይክል ዲልና ቮልፍጋንግ ሽትሮበ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ጀርመን አገር ይህንኑ በሌላ መንገድ አገኙት። ሰዎች በአንድነት ተቀምጠው ሐሳብ ሲያፈልቁ፣ ያው ቁጥር ያላቸው ሰዎች ለየብቻ ሆነው ከሚያፈልቁት ያንሳል። ዋናው ምክንያት አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን መጠበቁ ነው፤ በመጠበቅ መካከል ሐሳቡ ይጠፋበታል ወይም ይታገዳል። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ሰብስበው «በሉ ሐሳብ አምጡ» የሚሉ አለቆች የቅኔ ቤትን ሥርዓት ቢያዩ ብዙ ጊዜ ይተርፋቸው ነበር።

የማይመቸንንም እንይ። ጃክ ጎንካሎና ባሪ ስቶው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ስለ ራሳቸው የተለየ ማንነት እንዲያስቡ የተደረጉ ቡድኖች፣ «አዲስ ነገር ፍጠሩ» ሲባሉ፣ ስለ ቡድናቸው አንድነት እንዲያስቡ ከተደረጉት ይልቅ ብዙና አዲስ ሐሳብ አመጡ። ይህን መደበቅ አይገባም። ለመስማማት የሚቸኩል ሰው ልዩ ሐሳቡን ይውጠዋል፤ በስብሰባ፣ በዕድርም፣ በቤተሰብ ምክክርም አይተነዋል። ከዚሁ ጋር ደግሞ መለኪያው ምን እንደሚለካ ጠይቂ። የሥነ ልቦና ሊቁ ጊልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ፈጠራ ካደረገው ታዋቂ ንግግር በኋላ፣ ሌላው ሊቅ ቶራንስም በ1966 የፈጠራ ፈተናውን ካወጣ በኋላ፣ በብዙ የፈጠራ ፈተናዎች መልሱ ሌላ ሰው ያላሰበው ሲሆን ነጥቡ ይጨምራል። ከሌሎች መለየት የለመደ ሰው እዚያ ይመቸዋል። የሥራው ጥቅም፣ ለቦታውና ለሰዓቱ መስማማቱ፣ የቆየውን ልክ ጠብቆ ማደሱ ሲለካ ደግሞ ሚዛኑ ሊለወጥ ይችላል። መወድስን በዚያ ፈተና ብትለኪው ምን ያህሉን ታጪዋለሽ!

ከሁሉ የሚያጽናናሽ ግን ይህ «ራስ» የሚባለው ነገር እንደ ድንጋይ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዌንዲ ጋርድነርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ስለ አንድ የከተማ ጉዞ የተጻፈ አጭር ታሪክ እንዲያነቡና ተውላጠ ስሞቹን እንዲያከብቡ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ ታሪኩ «እኔ» እያለ፣ ለሌሎቹ «እኛ» እያለ ተጽፏል። ይህ ትንሽ ሥራ ብቻ ለጊዜው ራሳቸውን የሚገልጹበትን መንገድና ዋጋ የሚሰጡትን ነገር ለወጠው። ሁለቱም በሁላችን ውስጥ አሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ሰዓቱና ልማዱ ይወስናል። አንጎልም ቢሆን ከኑሮ ይማራል። ኤሊኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ የለንደንን መንገዶች በቃላቸው የያዙ የታክሲ ሾፌሮች ከቦታ ትዝታ ጋር በተያያዘው የአንጎላቸው ክፍል ከሌሎች ተለይተው ተገኝተዋል። በባህል የተቀረጸ አንጎል በልምምድም ይቀረጻል። ስለዚህ «እኛ እንዲህ ነን፣ አይሆንልንም» የሚል ሰው ቢገጥምሽ አትመኚው።

ሰው «እኔ»ንም «እኛ»ንም ይዞ መሥራት እንደሚችል ምስክር ብትፈልጊ ከአንቺው ሙያ እስክንድር ቦጎስያን አለልሽ። በ1937 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1955 ወደ ለንደን ሄዶ፣ ኋላም በፓሪስ ዓመታት አሳልፎ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን ሠዓሊያንና ጸሐፍት ጋር ውሏል። በ1966 ወደ አገሩ ሲመለስና ወጣቶችን ሲያስተምር ከአውሮፓ ያመጣውን ብቻ አላሳየም፤ የደብተራውን ጠልሰምና የብራና ጥቅልሉን ወደ ሥዕሉ አስገብቶ ነበር። ኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምርም፣ ከዚያም በ2003 እስኪሞት ድረስ፣ ያ ጥቅልል ከእጁ አልወጣም። ያን ሥዕል ከሌላ ሰው ሥዕል የለየው ከአገሩ መላቀቁ አልነበረም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ደግሞ አድምጪ። ገና በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተምረዋል፤ ግብፅ ሄደውም አጥንተዋል። ኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ የኋለኛ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ገዳም አሳልፈው በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ፒያኗቸው ብቻዋን ናት፤ ማንንም አትመስልም። ከሸክላቸው የሚገኘውን ገንዘብ ግን ለወላጅ አልባ ልጆች ሰጡ። ብቸኝነታቸው ሰውን መሸሽ አልነበረም።

ዋሽንግተን ያለችው የአጎትሽ ልጅ ይህን ብታነብ ለእሷም የሚሆን ነገር አለ። ቺ-ዪንግ ቼንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለእስያ ተወላጅ አሜሪካውያን የምግብ ግብዓት ሰጥተው አዲስ ምግብ እንዲፈጥሩ ጠየቋቸው። ከሁለቱም ባህል የመጣ ግብዓት ሲሰጣቸው፣ እስያዊነታቸውና አሜሪካዊነታቸው የማይጋጭባቸው ሰዎች ሁለቱ ከሚጣሉባቸው ይበልጥ አዲስ የሆነ ምግብ ፈጠሩ። ልጆቻችን በውጭ አገር ከሁለቱ አንዱን ምረጡ እየተባሉ ሲያድጉ የሚያጡት ይህንን ነው። በቤት «አሜሪካዊ ሆንክብኝ» ብሎ የሚቆጣ አባትም፣ በትምህርት ቤት «ከዚያኛው ባህልህ ውጣ» የሚል አስተማሪም ከአንድ ልጅ ላይ ግማሹን እየወሰዱ ነው።

እንግዲህ ለአንቺ የምለው ይህ ነው። ጠዋት ከሸራሽ ጋር ብቻሽን ሁኚ። ስልክሽን ከክፍሉ አስወጪው፤ ያላለቀ ሥራ በቴሌግራም አትልኪ፣ በቲክቶክ አታሳዪ፤ ላይክ የሚቆጥር ዓይን ያንኑ ተቆጣጣሪ ወደ ክፍልሽ ይመልሰዋል። የሚመጣልሽን ሁሉ አውጪው፤ የሴት አያትሽ ጥልፍ ቢመጣ፣ የሰፈርሽ ቆርቆሮ ቢመጣ፣ የጠበል ጻዲቅ ምጣድ ቢመጣ አትመልሺው። ይህ የእኔ ነው ወይስ የእነሱ ብለሽ ያን ሰዓት አትጠይቂ፤ ስትሠሪ እሱን የመለየት ግዴታ የለብሽም። ሲያልቅ ደግሞ አንድ የሚያውቅና አንድ የሚወድሽ ሰው ጥሪ። የሚወድሽ ብቻ ከሆነ ያሞግስሻል፤ የሚያውቅ ብቻ ከሆነ ሊሰብርሽ ይችላል። የተባለውን ሰምተሽ አድሪበት፤ የሚጣለውን ጣዪ፣ የሚቃናውን አቅኚ። ለመምህርሽም በአክብሮት ንገሪው፤ እጅሽ የበሰለ መሆኑን ያየ ሰው ነውና ሌላውንም ማየት ይችላል።

እናንተ ወላጆችና መምህራንም፣ ልጅ አዲስ ነገር ይዞ ሲመጣ ከፍርዳችሁ በፊት ጥያቄያችሁ ይቅደም። «ይህን እንዴት አገኘኸው? እንዴት አሰብሽው?» በሉ። ከዚያ በኋላ ያረማችሁትን ይቀበላችኋል።

ልጄ፣ የጀመርሽው ሥዕል እስኪያልቅ ለእኔም ለእናትሽም አታሳዪን። ሲያልቅ ግን ጥሪን፤ ሁላችንም እንመጣለን።